ሐሙስ ሐሙስ ጀርመን

ቲቸር ጅብሪል ማረፉን የሰማሁት ጸጉር ቤት ተቀምጬ፣ ግማሽ ፊቴ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ነው። የደወለችልኝ ሙና ናት፤ አብረን የተማርን፣ ዛሬም ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የምትኖር የልብ ወዳጄ። ምሳውን በልቶ ቀትር ላይ ጋደም እንዳለ በዚያው መቅረቱን ነገረችኝ። «ቀትር ላይ ተኝቶ?» አልኳት። «አዎ አቦ፣ እኔንም የገረመኝ እሱ ነው» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ ስንስቅ ደግሞ እንባዬ ሳሙናው ላይ ይወርዳል። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን አንጠልጥሎ፣ ይላጨኝ ወይስ ያጽናናኝ ግራ ገብቶት ቆሟል።

ድሬን ለማያውቅ ሰው ሳቃችን አይገባውም። በእኛ ከተማ ከምሳ እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ኑሮ ይቆማል። ሱቅ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ የሚቅመው ጫቱን ይዞ ምንጣፉ ላይ ይደላደላል፣ የማይቅመው ይተኛል፣ ውሾች እንኳ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ተዘርረው አላፊ አግዳሚውን ቀና ብለው አያዩም። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የሚታይ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ትንሽ ነክቶታል ይባላል። ቲቸር ጅብሪል እንግዳ አልነበረም፤ መጋላ፣ ገበያው ሰፈር፣ ተወልዶ ያደገ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ ግን ቀትር ላይ ተኝቶ አያውቅም። ቀትር ላይ እኛን ይዞ ጀርመን ይሄድ ነበር።

ቀጭንና ረጅም ነው። ባርኔጣው ሥር እርጥብ መሐረብ ያነጥፋል፤ አንድ እርሳስ ጆሮው ላይ፣ ሌላ እርሳስ ጸጉሩ ውስጥ ሰክቶ ሦስተኛውን ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይፈልጋል። ወሬውን በኦሮምኛ ይጀምርና በአማርኛ አዙሮ በሶማሊኛ ይዘጋዋል፤ ያልገባው ተማሪ ካለ አጠገቡ ያለው ይተረጉምለታል። አንቱታ አይወድም። የእኔ አባት ከሸዋ የመጣ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር በቤታችን አስተማሪ አንቱ ነው የሚባለው። የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስለው ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው ፈለገ። «አቦ እኔን አንተ በለኝ፣ ሳላረጅ አታስረጀኝ» አለኝ። ሲያረጅም አንተ እንዳልኩት ነበርኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኛ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መካኒክና ግንባታ እንማር ነበር፤ የሁላችንም ሕልም ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ ውጭ አገር ሄዶ መሐንዲስ መሆን። ነፃ የትምህርት ዕድል ደረሰው የተባለ ልጅ ሰፈሩ ውስጥ እንደ ሙሽራ ይታያል። እናቱ ሹራብ የት እንደሚገኝ ትጠይቃለች፣ ያልተዛመደው ይዛመደዋል። ያልደረሰው ደግሞ፣ ማለትም አብዛኞቻችን፣ ሥጋችን ድሬ ተቀምጦ ልባችን ሞስኮና ሃቫና ይዞር ነበር። ትምህርት አይገባንም፤ መንገድ ላይ ስንሄድ እንኳ ዙሪያችንን አናይም።

ቲቸር ጅብሪል ሕመሙን ያውቀዋል። እሱም በወጣትነቱ ዕድሉ ደርሶት ነበር። ከኮንትሮባንዱ ገበያ ከታይዋን ተራ ወፍራም ካፖርት ሁሉ ገዝቶ ሲጠብቅ ወንድሙ በጅቡቲ በኩል ድንበር ተሻገረ፤ የከዳ ሰው ወንድም ስለሆነም መውጫ ፈቃድ ተከለከለ። ይህን የሚነግረን እንደ ቀልድ አድርጎ ነው። «ካፖርቱን ለአንድ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሸጥኩት፣ እሱ ተጠቀመበት» ይላል። ወንድሙን ሲወቅስ አንድም ቀን አልሰማነውም።

ነገሩ የተጀመረው ዲተር በሚባል ጀርመናዊ ቴክኒሻን ነው። ዲተር ማሽን ለመትከል ድሬ መጥቶ ሳለ ከቲቸር ጋር ተዋወቁ፤ አገሩ ምሥራቅ ጀርመን ሲመለስ አንዲት የወደብ ከተማ ውስጥ የምሕንድስና ተማሪዎችን ማስተማር ጀመረ። የእሱም ተማሪዎች ከአገራቸው እንደልብ መውጣት አይችሉም። ሁለቱ አስተማሪዎች፣ ሰዎቹ መሄድ ካልቻሉ ድምፃቸው ይሂድ ብለው ተስማሙ። ጀርመኖቹ ካሴት ቀርጸው በሰው እጅ ጅቡቲ ድረስ ይልካሉ፣ ከጅቡቲ በባቡር ድሬ ይደርሳል፣ የእኛም መልስ በዚያው መንገድ ይሄዳል። የምንሰማበትና የምንቀርጽበት ቴፕ ራሱ በኮንትሮባንድ የገባ ስለነበር ዕቃው ሁሉ መንገዱን ያውቀዋል እያልን እንስቅ ነበር።

ትምህርቱ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሞላ ሲተኛ ነው፤ ክፍሉም ቴፑም የሚገኘው ያኔ ብቻ ነው። ቲቸር በሩ ላይ ይቆማል። ፓስፖርት ሳያሳይ የሚሳፈር የለም። ፓስፖርት የሚለው፣ በዚያ ሳምንት ድሬ ውስጥ በከንቱ ሲጠፋ ያየኸውን አንድ ነገር ነው። የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ ሜዳ ላይ የሚዝግ ብረት፣ ከዳቦ ቤት ጭስ ማውጫ የሚወጣ ሙቀት፣ ምንም ቢሆን። ከሌላ ሰው የሰማኸው አይሠራም፣ በዓይንህ ያየኸው መሆን አለበት። ያልያዘ ተማሪ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ፈልጎ ይመጣል። አንድ ቀን ሙና፣ ሻይ ቤቱ ደጃፍ አቧራ ላይ ባልዲ ሙሉ ውኃ ሲረጭ አየሁ ብላ መጣች። ቲቸር መለሳት። «ሂጂና ጫማሽን አውልቀሽ እዚያ ቁሚ፤ ከዚያ በከንቱ ይጠፋል ካልሽኝ አሳልፍሻለሁ» አላት። ሄዳ ቆማ፣ እግሯ ቀዝቅዞላት፣ ውኃው ሥራ ላይ መሆኑን አምና፣ በሌላ ፓስፖርት ገባች።

ዛሬ ዘላቂ ልማት የሚባለው ነገር ያኔ ለእኛ ስም አልነበረውም። እሱ «ለልጅ ልጅ ማስተረፍ» ነበር የሚለው። ግመሎች ከተራራ እንጨት ጭነው ሲወርዱ ባየ ቁጥር ያስቆመንና ተራራውን ያሳየናል። ያ እንጨት ከሥሩ ሲነሳ አፈሩን የሚይዘው እንደሌለ፣ ላይ ሲዘንብ ከተማውን የሚከፍለው ደረቁ የደቻቱ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ቤት ይዞ የሚሄደው ለዚያ እንደሆነ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ በእንጨት የፈላ ሻይ ስጠጣ ጎርፉ ትዝ ይለኝ ጀመር። እስከዛሬም አልለቀቀኝም፣ ለዚህም አመሰግነዋለሁ።

ካሴቶቹ ራሳቸው ጉድ ነበሩ። ሁለታችንም ወገን በእንግሊዝኛ ነው የምናወራው፤ የእነሱም የእኛም እንግሊዝኛ በየሁለት ቃሉ ያርፋል። አዲስ ካሴት ስለማይገኝ ዘፈን ያለበት ላይ እንቀርጻለን፤ እኛ ስለ ብየዳ አውርተን ስንጨርስ የሶማሊኛ ዘፈን ከመሐሉ ይፈነዳል። ጀርመኖቹ በሚቀጥለው ካሴት ስለ ብየዳው አንድም ነገር ሳይሉ ዘፈኑ እንዲጨመር ጠየቁ። ቲቸር ሁለት ካሴት ሙሉ ላከላቸው፤ እኔ ትምህርት አይደለም ብዬ ስከራከር፣ ለሚያወራህ ሰው ጆሮ የሚሰጠው ስትወደው ነው አለኝ።

በሁለተኛው ዓመት ዲሬክተራችን ፈራ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር እንጂ። ተማሪዎች በር ዘግተው የፈረንጅ ድምፅ ይሰማሉ የሚል ወሬ ሐረር፣ የክፍለ ሀገሩ አለቆች ዘንድ ደርሶ ኖሯል። ከዚያ ሲደውሉለት ደንግጦ፣ ትምህርቱን የሚሰጠው ጀርመን አገር የሠለጠነ ጓድ ነው፣ በዓመቱ መጨረሻ ለምርት የሚጠቅም ነገር ሠርተው ያሳያሉ ብሎ በስልክ ምሎ ተገዘተ። ስልኩን ዘግቶ ወደ ክፍላችን መጣና ያለውን ሁሉ ነገረን። ኮሚቴ ይመጣል፤ የሚታይ ነገር ከሌለ ወይም ውሸቱ ከተነቃ ክፍሉ ይዘጋል። ቲቸር ሰምቶ ሲጨርስ ጸጉሩ ውስጥ ያለውን እርሳስ መፈለግ ጀመረ። ያን ቀን ብቻ ነው ፊቱ ሲለወጥ ያየሁት። ለእኛ ሐሙስ ጨዋታ ነበር፤ ለእሱ ግን በሕይወቱ ያገኛት ብቸኛ መውጫ መሆኗን ያኔ ተረዳሁ።

ሥራ ጀመርን። ከዲተር ተማሪዎች ጋር ዕቃ እንለዋወጣለን ተባለ። እኛ የእነሱን በፀሐይ ውኃ የሚያሞቅ ሣጥን እንሠራለን፣ እነሱ ደግሞ ድሬ የሚታወቀውን፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ነፋስ ላይ የሚቆመውን የውኃ ማቀዝቀዣ እንስራ ይሠራሉ። የእኛው ሣጥን የትምህርት ቤቱን የሻይ ውኃ ቀድሞ ካሞቀው ምድጃው የሚፈልገው እንጨት ይቀንሳል ማለት ነው። ከተሰበረ የክፍል መስኮት መስታወት፣ ከተጣለ ቧንቧና ከአሮጌ በር ሠራነው። ዲተር የላከውን ንድፍ ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ ከንድፉ አንዲት ጣት ሳንዘል፣ እንደዚያው አዘንብለን እንደዚያው ፊቱን ወደ ደቡብ አዞርነው። የውጭ አገር ንድፍ ነዋ፣ ማን ይነካዋል።

ውኃው ለብ አለ። ከለብታ አላለፈም። ለሻይ ቀርቶ ለእግር እጣቢ የማይሆን ነገር ይዘን ቀረን። ቱቦ ቀየርን፣ ጥቁር ቀለም ደገምን፣ መስታወት ወለወልን፤ ያው ለብታ ነው። ኮሚቴው ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቲቸር ሙናንና እኔን ይዞ ሌላ መስታወት ፍለጋ ወደ መጋላ ገበያ ወጣ። ሰኔ ነው፣ ቀትር ነው። ድልድዩን ትተን በደረቁ ደቻቱ አሸዋ ላይ ስናቋርጥ ቲቸር በድንገት ቆመ። የገዛ ጥላውን እያየ ነው። አጭሯ ጥላ ከእግሩ ሥር ወደ ሐረር ተራሮች፣ ወደ ደቡብ ተኝታለች። ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ፣ መልሶ ጥላውን አየ። ከዚያ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ ይስቅ ጀመር።

መጀመሪያ ፀሐይ መታችው ብለን ነበር። ቀስ እያለ ነገረን። በዲተር አገር ፀሐይዋ ሁልጊዜ ከደቡብ በኩል ነው የምትታየው፤ በእኛ አገር ግን በዚህ ወር አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ሄዳለች። እኛ ሣጥኑን ለጀርመን ፀሐይ አዙረን፣ የራሳችን ፀሐይ ከጀርባው ስትለበልብ ከርማለች። ሦስታችንም እዚያው አሸዋ ላይ ተቀምጠን እየተቃጠልን ሳቅን። «ወላሂ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለ በመጨረሻ። «ለሰው ዙሪያችሁን እዩ እያልኩ እኔ ንድፉን ሳመልክ ነበር።»

ወዲያው ተመልሰን ሣጥኑን አዞርነው፣ ዝንባሌውንም ቀነስነው። ከሰዓት በኋላ ውኃው እጅ የማያስነካ ሆነ። ሙና ስሕተታችንን ለጀርመኖቹ እንዳንነግራቸው ለመነችው፤ ይስቁብናል ብላ ነው። እሱ ግን ቴፑን ከፍቶ ከጥላው ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ድል ብቻ የሚወራው ለዲሬክተር ነው፣ ለጓደኛ ግን የሆነው ሁሉ ይነገራል አለን። የእነሱ ካሴት ደግሞ በማግሥቱ ባቡር ደረሰ።

ኮሚቴው የመጣው ሐሙስ ነው። አራት ሰዎች ናቸው፤ ሊቀመንበሩ ካኪ ሰፋሪ የለበሰ ወፍራም ሰው ሲሆን ላቡ እስከ ጉልበቱ ወርዷል። ሣጥኑን አሳየናቸው፣ ከፀሐይ የወጣው ውኃ ትንሽ እንጨት ብቻ ነክቶት ሲፈላ አዩ፣ ሻይም ጠጡ። ዲሬክተሩ ፊቱ መለስ አለ። ሁሉም አበቃ ብለን ስንተነፍስ ሊቀመንበሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ ዞር አለና ጠየቀ።

«ጓድ ጅብሪል፣ እዚያ አገር ስንት ዓመት ቆዩ?»

ዲሬክተሩ ከኋላ ሆኖ በዓይኑ ይለምናል። አንድ ቁጥር መጥራት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ ሦስት ቢል፣ አምስት ቢል ማን ያጣራል? እኔ በልቤ «በል ቁጥር ጥራ» እለው ነበር።

«እኔ ከደወሌ ወዲያ አልፌ አላውቅም» አለ። ደወሌ ከጅቡቲ ድንበር በፊት ያለች ጣቢያ ናት። «ዕድሉ ደርሶኝ ነበር፣ መውጫ አልተሰጠኝም። ጓድ ዲሬክተር ለእኔ ክብር ብለው ነው እንደዚያ የተናገሩት።»

«እና ያላዩትን አገር እንዴት አድርገው ነው የሚያስተምሩት?» አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ ከአሁን በፊት እንደነበረው አልነበረም።

ቲቸር ጅብሪል ሄዶ በሩ ላይ ቆመ፣ ሁልጊዜ እንደሚቆመው። ሊቀመንበሩ ማየት ከፈለገ መሳፈር እንደሚችል፣ ለመሳፈር ግን በዚህ ሳምንት በከንቱ ሲጠፋ በዓይኑ ያየው አንድ ነገር መናገር እንዳለበት ነገረው። ዲሬክተሩ ግድግዳውን ተደገፈ። ሊቀመንበሩ ጢሙን እየደባበሰ ረጅም ጊዜ አሰበ። ሊቆጣ ነው ብለን ስንጠብቅ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እኛ አራት ሰዎች ነን» አለ። «በሦስት መኪና መጣን።»

ከአባላቱ አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍነው ሞከረ። ቲቸር ግን አልሳቀም። «ያሳልፍሃል፣ ግባ» አለው። ሊቀመንበሩን አንተ አለው። ሰውየውም ገባና ከፊት ወንበር ላይ እንደ ተማሪ ተቀመጠ።

የዚያን ቀን ካሴት የእንስራው ወሬ ነበር። ዲተርና ተማሪዎቹ እንስራውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይሻለዋል ብለው ምድር ቤት አስቀመጡት። ባሕር ዳር ያለ፣ ነፋስ የማይገባበት ምድር ቤት ነው፤ ውኃው አልቀዘቀዘም፣ ጆንያው ግን ሻገተ። አንዱ ልጅ በዚያ በሚያርፍ እንግሊዝኛው እንስራው ጢም አበቀለ ሲል፣ ሙና ተርጉማ ሳትጨርስ ሊቀመንበሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ጥያቄ መጠየቅ ጀመረ፤ ለምን ሻገተ፣ እዚህስ ለምን አይሻግትም፣ ነፋሱ ነው ወይስ ድርቀቱ? አሥር ሰዓት ከተማው ሲነቃ እኛ ገና ከጀርመን አልተመለስንም።

ኮሚቴው ሳይፈቅድም ሳይከለክልም ሄደ፤ በዚያ ዘመን ይህ ፈቃድ ማለት ነበር። ሲሄዱ አራቱም አንድ መኪና ውስጥ ተጣበው ገቡ። ሌሎቹ ሁለት መኪኖች ባዷቸውን ከኋላ ተከተሏቸው። ቲቸር እጁን እያውለበለበ ሸኝቶ፣ ገና ይማራሉ አለን።

ክፍሉ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘለቀ፤ እኛ ወጣን፣ ሌሎች ገቡ። እኔ የባቡር ጋራዥ ሥራ ይዤ፣ ሙናም ማስተማር ጀምራ ሳለን፣ ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ነው፣ የዲተር ትምህርት ቤት ቲቸር ጅብሪልን ጋበዘው። እንደለመድነው ይከለክሉታል ብለን ስንጠብቅ መውጫው ተሰጠው። ለምን እንደተሰጠው ማንም አላወቀም። ሹራብ አዋጥተን ገዛንለት። በባቡር ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አንድም ቀልድ ሳይናገር ሄደ፤ ደስ አላለኝም። የዚያን ያህል ዓመት በጆሮ ብቻ የተወደደ አገር በዓይን ሲታይ ሰው ልቡ እንዳይሰበር ፈርቼ ነበር።

የተመለሰ ቀን የድሮ ተማሪዎቹ ከጣቢያው ተቀብለነው ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ያለ አንድ ቡና ቤት ወሰድነው። ክብ ሠርተን ተቀመጥን። እሱ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የቀረበለትን ለስላሳ በሁለት እጁ ያዘ። ጀርመን ሲደርስ ዲተር ዘግይቶ ከባቡር ጣቢያ ሳይቀበለው መቅረቱን ነገረን። ከዓመታት በፊት ዲተር ከጣቢያው እስከ ትምህርት ቤቱ በእግሩ እየሄደ መንገዱን በድምፅ ቀርጾ ልኮልን ነበር፤ የትራሙን ደወል፣ የድልድዩን ነፋስ፣ የመርከቦቹን ጩኸት፣ የደረጃውን ኮቴ። ቲቸር እሱን እያስታወሰ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሻንጣውን ተሸክሞ በእግሩ ሄደ። ዲተር ጣቢያው ውስጥ ሲፈልገው ቆይቶ በድንጋጤ ሲመለስ፣ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘው።

ይህን ተናግሮ ለስላሳውን ተጎነጨ። ዓይኑ ውስጥ ያለው ደስታ ይሁን ኀዘን መለየት አልቻልንም። መጠየቅ ሁላችንም ፈራን፤ ሙና ናት የደፈረችው።

«አገሩስ ቲቸር፣ እንዴት ነው?»

ባርኔጣውን አነሳ፣ እርጥቡን መሐረብ አስተካክሎ መልሶ ደፋው።

«እንደተውኩት ነው ያገኘሁት» አለ።